ጓሳው የተከፈተ ቀን

ከመዘዞ በላይ ያለውን የጓሳ ሣር ጋራ እንደ ዓይናችን ብሌን ነበር የምንጠብቀው። ቄሱ መስቀል ይዘው ከገዘቱ በኋላ ለዓመታት ማጭድም ከብትም አይገባበትም። የሚከፈተው ድርቅ ገብቶ ከብት ሲቸገር ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ከብቱን በአንድ ቀን ያስገባል፤ የቀደመም የቀረም ድርሻውን ያጣል። አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ ነው። የጋራው ዳኛ አማቼ ነበሩ፣ የሟቹ ባሌ አባት።

ባሌ ትቶልኝ የሄደው አንድ በሬ ነው። ከጎረቤቴ በሬ ጋር አቀናጅቼ አሳርሳለሁ። በሬዬ ከሞተ ልጆቼ ምን ሊበሉ?

ያን ዓመት ዝናብ ቀረ፤ የከብቱ አጥንት ተቆጠረ። በዚያው ሰሞን ከቆላ የወጡ ነጋዴዎች ከብት የሚፈጅ በሽታ መጥቷል ብለው አወሩ። ጋራው ይከፈት ሲባል አማቼ ዘንድ ሄድኩ።

«አባቴ፣ የኔ በሬ ቤት ይቅር። ገለባ ለቅሜም ቢሆን አበላዋለሁ።»

«የቱን ገለባ? ደግሞስ ለልጁ ሚስት ሕግ አፈረሰ ልታሰኚኝ ነው? ከቀረሽ ድርሻሽ ቀረ።»

እውነትም ገለባ የለም። ምን ላድርግ! ነዳሁት።

የአገሩ ከብት በአንድ ጠዋት ጋራው ላይ ተደባለቀ። ሰዉ እልል አለ። መሀል ላይ የማን እንደሆነች ያልታወቀች ላም ዓይኗ እያነባ፣ ለሃጯ እየተዝረበረበ ቆማ ነበር። ማንም አላባረራትም፤ ሁሉም እኩል ይግባ ነዋ ሕጉ!

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። በሬዬ እዚያው ሣሩ ላይ ወደቀ። የጎረቤቴም ተከተለው። የአማቼ በረት ባዶ ሆነ። አገሩ በሙሉ ገማ፤ ጅቡ እንኳ መብላት ሰለቸው። መሬቱን በዶማ ቆፈርን፤ በዶማ የተቆፈረ ስንቱን ያጠግባል? ታናሿ ልጄ በረሃብ እጄ ላይ አለፈች።

እሷን በቀበርን ሰሞን አማቼ ሰዉን ሰብስበው ጋራው እንደገና ይገዘት አሉ። ደሜ ፈላ።

«ለማን ነው የሚጠብቁት? የቱ ከብት ሊገባ!» ብዬ ሰው ፊት ጮኽኩባቸው።

ቀና ብለው አላዩኝም። «ልጄ፣ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም» አሉ።

ቄሱ መስቀሉን አወጡ። አንዲት ጥጃ እንኳ ያልተረፈልን ሰዎች ተራ በተራ ተሳልመን፣ ከብቶቻችንን ላናስገባ ማልን።