ላምባ የነካው ጠርሙስ

ባለፈው ወር ልጄ ከሳንሱሲ አንድ ጠርሙስ ማር ይዞልኝ መጣ። ክዳኑን ከፍቼ ገና ሳልቀምሰው አፍንጫዬን አስጠጋሁ።

«አባዬ፣ ማሩን ነው ወይስ ጠርሙሱን የምታሸተው?»

«ጠርሙሱን» አልኩት። ሳቀ። ያልደከመበት ሰው መሳቅ ይቀለዋል።

በደርግ ጊዜ፣ ጢሜ ገና ሲያቆጠቁጥ፣ ኮልፌ ውስጥ ባዶ ጠርሙስ እየለወጥኩ እናቴንና እህቶቼን አበላ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የለመድኩት ጠርሙስ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ነው። ለቤት እመቤቶች ጨው ወይም የፕላስቲክ ኩባያ እሰጣለሁ፤ የሰጡኝን ጠርሙስ አጥቤ ለአረቄ ሻጮች አስረክባለሁ።

አንድ ክረምት ግን ገበያው ተዘጋ። ያኔ የኩራዝ ላምባ በየቤቱ የሚቀመጠው በጠርሙስ ነበር። አንዱ ለዋጭ ላምባ የነካውን ሳይለይ ሸጦ ኖሮ፣ የሰፈራችን አረቄ ሻጭ የእትዬ የሺ አረቄ ሰርግ ቤት ቀርቦ ላምባ ላምባ ሸተተ። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ የለዋጭ ጠርሙስ የሚገዛ ጠፋ። እኔ ደግሞ ያለኝን ሁሉ ጠርሙስ ላይ አውዬ፣ ጠርሙስ የሞላው ጆንያ እህቶቼን መኝታ ነሥቷቸዋል። እራታችን ንፍሮ ብቻ ሆነ።

ማማረር ጠርሙስ አይሸጥም። ሁሉንም በአመድና በሙቅ ውሃ አጠብኩ። ደግሞ ውሃ ሞልቼ፣ ወትፌ አሳደርኩ። ጠዋት ስከፍት የሸተተኝን አንገቱ ላይ ክር አስሬ ለየሁት። የቀረውን ከነውሃው ተሸክሜ፣ በጭቃው እየተንሸራተትኩ እትዬ የሺ ደጅ ደረስኩ።

«ደግሞ መጣህ? ያዋረዳችሁኝ አልበቃ ብሎ!»

«እትዬ፣ እርስዎ ይምረጡ። የመረጡትን እጠጣለሁ።»

ጠጪዎቹ ተንጫጩ። «አጠጡት እትዬ! ላምባ ከሆነ ክር እናስገባበትና ኩራዝ ይሆነናል!»

እትዬ የሺ ከላይ ያለውን ትተው ከጆንያው ሥር አንዱን መዘዙ። ጠጣሁት። ሌላ መዘዙ። ጠጣሁ። ሆዴ ከበሮ ሲሆን አንዱን ከእጄ ቀምተው ራሳቸው ተጎነጩና አፋቸው ውስጥ አንከባለሉት።

«ላምባ የነካቸውንስ የት ልታደርሳቸው ነው?»

«ቀበሌ ሱቅ በር ላይ፣ ላምባ ሊገዛ ለተሰለፈ ሰው። የላምባ መያዣ ነው ብዬ።»

«አስገባው ጆንያውን» አሉ።

መስከረም ሲጠባ እስከ 18 ማዞሪያ ድረስ ያሉ አረቄና ዘይት ሻጮች በስሜ ያስጠሩኝ ጀመር። ለላምባ ለሚሰለፈውም ክር የታሰረበት ጠርሙስ ራሱን የቻለ ገበያ ሆነ። አንድ ቀን እትዬ የሺ ቤት አዲስ ገዢ ጠርሙሴን አንሥቶ ሲያሸት እጁን መታ አደረጉት። «የዚህን ልጅ ጠርሙስ ማሽተት ነውር ነው!» ከዚያ በኋላ ብዙ ተመስግኛለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያከበረኝ ግን የለም።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኩት። ሲያዳምጥ አልሳቀም።

ትናንት ደግሞ ዘይት ይዞልኝ መጣ። በር ላይ እንደቆመ ክዳኑን ከፍቶ፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ዘጋው። ሲሰጠኝ አፍንጫዬን አላስጠጋሁም። ተቀብዬ ጓዳ አስቀመጥኩት።