ካፖርት የለበሰው ኮክ

በጃንሆይ ዘመን አዲስ አበባ፣ ሰባተኛ ሰፈር ስኖር የጎረቤቴን የእትዬ ዘነበችን ልጅ ለማግባት ሽማግሌ ብልክ፣ «ለፍላፊ ነው፤ አልሰጥም!» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ወሬ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም።

ግቢዬ ውስጥ የተከልኩት ኮክ ቁመቴን አክሎ ነበር። የታኅሣሥ ውርጭ እንዳያቃጥለው ማታ ማታ ካፖርቴን አለብሰዋለሁ፤ ባርኔጣዬንም አናቱ ላይ እደፋበታለሁ። የማወልቅለት እንግዲህ ረፋድ ላይ ስነሣ ነው።

አንድ ቀን ዓይናቸው የደከመው እትዬ ዘነበች አስጠሩኝ። ምን አጥፍቼ ይሆን ብዬ እየፈራሁ ሄድኩ።

«ተለውጠሃል» አሉኝ።

«እኔ?»

«አዎ! ሰሞኑን ጎህ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በአጥሩ ላይ ብሶቴን ሁሉ ስነግርህ፣ በዚያ ብርድ ቆመህ አንድ ቃል ሳታቋርጥ አዳመጥከኝ። ልጄን ሰጥቼሃለሁ።»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩና፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሼ ዘጋሁት።