ዘውድነሽና አርባው ቀን

ዘውድነሽ አዳማ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት በጤና ረዳትነት ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ትዳር ያልያዘች፣ ቅዳሴ የማያመልጣት ሴት ናት። በእምነቷ የምትጠራጠርበት ምክንያት አልነበራትም፤ የልዑልሰገድን መታመም እስክትሰማ ድረስ።

ልዑልሰገድ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበር። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት የታላቅ ወንድሟን የኃይለየሱስን ስም ከሚወሰዱት ሰዎች ዝርዝር ላይ ያነበበው እሱ ነው። ኃይለየሱስ ሲወሰድ ጫማ እንኳ አላጠለቀም። አስከሬኑም አልተገኘም። እናታቸው ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል እያለች፣ ተስካሩን ሳታወጣ ሞተች። ልዑልሰገድ ደግሞ ታስሮ ተፈታ፤ ሚስቱ ሞተችበት፣ ልጆቹ ካዱት። በስተርጅና ሀኒያ የተባለች የወሎ ሴት ግቢ ውስጥ፣ ከዘውድነሽ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ አንዲት ክፍል ተከራየ። ብዙም ሳይቆይ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለውና አልጋ ላይ ቀረ።

ይህን የሰማች ዕለት ዘውድነሽን ደስ አላት። ደስታው አስፈራትና ለንስሐ አባቷ ተናዘዘች።

«ታምኛለሽ?» አሏት ሽማግሌው ቄስ።

«አባቴ፣ እንዴት አላምንም?»

«ሐዋርያት እመኑ ብለውን ብቻ አልሄዱም፤ ታዘዙም ብለዋል። ጠላትህን መግብ ብለው የጻፉልን ለጌጥ መሰለሽ? አርባ ቀን እየሄድሽ አጉርሺው፣ እጠቢው። ቀኖናሽ ይኸው ነው።»

«ይቅር ሳልለው?»

«ልብሽን እግዚአብሔር ያውቃል። እግርሽን ግን አንቺ ታዢዋለሽ።»

ሄደች። በየቀኑ አጥሚት ይዛ ሄደች፤ የአልጋ ቁስሉን አጠበች፣ አገላበጠችው። አንድም ቃል አልተነፈሰችም። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሰውዬው ትኩር ብሎ አያት።

«የኃይለየሱስ እህት ነሽ» አለ፣ አፉ ወደ አንድ ወገን እየተጎተተ።

ማንኪያው እጇ ላይ ቀረ። «የት ቀበራችሁት?»

«ብዙ ነበሩ። አላስታውስም።»

ይቅርታ አልጠየቀም። ጥቂት ቆይቶ አፉን ከፈተ፤ የቀረውን አጥሚት እየጠበቀ ነበር። አጎረሰችው።

አርባኛው ቀን ላይ ሳህኗን አጥባ ስትወጣ ሀኒያ በሩ ላይ አገኘቻት። ለልዑልሰገድ ማታ ማታ ውሃና እራት የምትሰጠው ሀኒያ ነበረች።

«እትዬ ዘውዴ፣ ባቱ ያለችው ልጄ ምጥ ይዟታል። ሁለት ሦስት ቀን ነው የምቆየው፤ አደራ፣ ሰውዬውን ይዩልኝ።»

ዘውድነሽ እሺም እምቢም አላለችም። የእኔ ቀን አልቋል አለች በልቧ። በማግስቱ ቤቷን ስታጸዳ ዋለች፤ ሰውነቷ ቅልል አላት። በሁለተኛው ቀን ውሃ ጠምቶት ይሆን የሚል ሐሳብ መጣባት፤ ሬዲዮ ከፈተችበት።

ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር። ዲያቆኑ መልእክቱን እያነበበ ነው፤ ሥራ የሌለው እምነት በድን ነው ከሚለው ሲደርስ የሀኒያ አደራ ትዝ አላት። ቀን ቆጥራ መታዘዟ፣ ቀን ቆጥራ ማቆሟ ታያት። ቅዳሴ አቋርጣ ወጥታ አታውቅም፤ ያን ቀን ወጣች።

ልዑልሰገድ ዓይኑ ፈጦ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ የረጠበው ፍራሽ ላይ ተጋድሟል። ሀኒያ ሞልታው የሄደችው ጆግ ወለሉ ላይ እንዳለ ነው፤ ደህናው እጁ ወደዚያ ተዘርግቷል፤ አልደረሰበትም። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰደችው።

«ውሃ ካገኘ ስንት ቀኑ ነው?» አለ ሐኪሙ።

«ሦስት።»

«ማን ነበር የሚጠብቀው?»

«እኔ።»

ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ሞተ። ኩላሊቱ ነው አሉ። የቀበሩት አራት የእድር ሰዎች፣ ሀኒያና እሷ ናቸው። ከመቃብር ሲመለሱ ሀኒያ ቀስ ብላ «ነግሬዎት አልነበር?» አለች።

«ነግረሽኛል።»

ከዚያ በኋላ ሀኒያ ሰላምታ አልነፈገቻትም፤ አደራ ግን አልሰጠቻትም።

ዘውድነሽ ለቄሱ «አርባውን ቀን ፈጽሜያለሁ፤ ሰውዬውን ግን ገድዬዋለሁ» አለቻቸው። ሽማግሌው አጠገቧ ተቀመጡ። ይቅር ብለሽዋል ወይ ሲሏት አላልኩትም አለች፤ እውነቷን ነበር። በዓመቱ፣ ብትቆርቢ ይሻልሻል ብለው ፈቀዱላት። እስካሁን አልቆረበችም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ቆማ መልእክቱ ሲነበብ ትሰማለች።