የጆንያ አፍ

ሁስና ቴፒ ባለ የቡና መጋዘን ሃያ ዓመት ናሙና ስትወስድ ኖራለች። የጆንያ አፍ አታምንም። ከላይ ያማረ ፍሬ ይደረግና ከሥር ሻጋታው ይወጣል፤ ስለዚህ ሹል ቱቦዋን ሁሌም ከታች ነው የምትሰካው። ነጋዴዎቹ «ይቺ ሴትዮ የገዛ እናቷንም ወግታ ነው የምታምነው» ይሏታል።

ሰኞ ዕለት የኮምፒውተር ባለሙያው ፍቅሩ ከሚዛን ከተማ መጣ። የናሙና መዝገቧን ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ፕሮግራም ሠርቶላታል። ፍላሹን ሰክቶ ሲያስጀምረው ጥቁሩ ስክሪን ላይ ቁጥር ይወጣ ጀመር፦ አሥር በመቶ፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ሳያዘግም፣ ሳይፈጥን፣ እኩል እኩል።

«ምነው እንዲህ ተመቸው?» አለች ሁስና።

«ሥራውን እየቆጠረ ነው፣ እትዬ። አይጠራጠሩ።»

አይጠራጠሩ! ይህን ቃል ከስንቱ ነጋዴ ሰምታዋለች። እጇን ሰደደችና ፍላሹን ነቀለችው።

«እንዴ!» ብሎ ፍቅሩ ከመቀመጫው ተነሣ። ስክሪኑ ግን ምንም አልመሰለው። ስልሳ፣ ሰባ እያለ መቶ ደረሰና «በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ብሎ ጻፈ።

ፍቅሩ አንገቱን ደፋ። «ቁጥሩ... የተገለበጠውን አይቆጥርም፤ ሰዓት እየጠበቀ ነው የሚጨምረው። ዝም ያለ ስክሪን ሰው ያስጨንቃል ብዬ ነው።»

ሁስና ፍላሹን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«የጆንያውን አፍ አሳምረሃል» አለችው። «አሁን ቡናውን አምጣ።»