“ይመስለኛል” አይጻፍም

ሻምበል ባሻ ዕንባቆም ኃይለ ጊዮርጊስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ሲጠይቅ ኖሮ፣ ጎንደር ሲመለስ የሚጠይቀው ሰው አጣ። በሠራዊቱ ውስጥ ሥራው ምርመራ ነበር። የጠፋ ንብረት፣ የተደባደበ ወታደር፣ ከጥበቃ ቦታው የተሰወረ ሰው፣ ሁሉም በእሱ ጠረጴዛ በኩል ያልፋል። ይህ ሙያ ሲቪል ሲሆን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ግን የሚነግረው አላገኘም። አራዳ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ይዞ ቢገባ፣ ፎርም የምትሞላው ልጅ “ሙያዎ?” አለችው። “መርማሪ” አላት። ትንሽ አሰበችና “ጥበቃ” ብላ ጻፈች።

ቤትም አላረፈ። ሚስቱ ሸዋአየሁ ከገበያ ስትመለስ “ስንት ሰዓት ወጣሽ? ማንን አገኘሽ? ምን አለችሽ?” ይላታል። ክፋት የለበትም፤ የምሩን ማወቅ ፈልጎ ነው። አመል ሆኖበት የሰው ነገር ሁሉ ይከነክነዋል። አንድ ቀን ታዲያ ሸዋአየሁ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ፣ እጇን አጣጥፋ ቆመችና፣

“እንግዲህ ቃሌን ተቀበለኝ” አለችው። “ስሜ ሸዋአየሁ፣ ዕድሜዬ አርባ አንድ፣ ጥፋቴ አንተን ማግባት።”

ሁለቱም ሳቁ። በማግስቱ ግን እሷ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ወደ መልአከ ሰላም ኪዳነወልድ ሄዳ፣ “አባ፣ ለዚህ ሰውዬ የሚጠይቀው ነገር ይፈልጉለት፤ እኔን ጨረሰኝ” ብላ ለመነች።

መልአከ ሰላም ሳቁና አስጠሩት። ለካ እሳቸውም ዘንድ ምርመራ ነበረ። በደብሩ በተክሊል የሚጋቡ ሙሽሮች አስቀድሞ ዘራቸው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የወንዱ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ በአባትም በእናትም ይወጣል፤ የሴቲቱም እንደዚያው። በሁለቱ ዝርዝር አንድ ሰው ከተገኘ ዘመዳሞች ናቸውና ጋብቻው ይቀራል። ይህን ሲቆጥሩ የኖሩት መሪጌታ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ዕንባቆም ለሙከራ ተቀጠረ።

ሥራው እንዴት እንደጣፈጠው! የአያቱን በቅሎ መልክ ከነስሟ አስታውሶ የአያቱን ሚስት ስም የማያውቅ ሰው አገኘ። በአጥር ምክንያት ስምንት ዓመት የተኳረፉ ሁለት ጎረቤቶች የአክስትና የአጎት ልጆች መሆናቸውን ደረሰበት፤ ሲነግራቸው ይባስ ተኳረፉ። ማታ ማታ ለሸዋአየሁ ያወራላታል፤ እሷም አሁን በተራዋ “ከዚያስ?” ትለው ጀመር።

በታኅሣሥ ወር የዝማሬ ነገር መጣ። ዝማሬ የደብሩ አገልጋይ የነበሩ የአንድ ቄስ ልጅ ናት፤ አባቷ አርፈው ከእናቷ ከልዕልት ጋር ትኖራለች። እጮኛዋ መልካሙ ሳንጃ የሚያስተምር መምህር ነው። ቀለበት ካሰሩ ሁለት ዓመታቸው፤ ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ተቆርጧል። ዕንባቆም የሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን ሲያስተያይ ጣቱ አንድ ስም ላይ ቆመ። በዝማሬ በኩል በአምስተኛው ቤት አለቃ ገብረ ኪዳን ዘእንፍራንዝ፤ በመልካሙ በኩል በስድስተኛው ቤት አለቃ ገብረ ኪዳን ዘእንፍራንዝ። የካህን ነገር እንዲህ ነው፤ አንዴ በማዕረጉና በሀገሩ ከተጠራ የአባቱን ስም የሚያስታውስ የለም።

የመልካሙን ዘር የቆጠሩት አክስቱ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ነበሩና አስጠራቸው። አግዳሚው ላይ አስቀምጦ መዝገቡን ገለጠ።

“አለቃ ገብረ ኪዳን የእንፍራንዙ ናቸው?”

“የእንፍራንዙ ይመስሉኛል።”

“ይመስለኛል አይጻፍም፣ እትዬ። ናቸው ወይስ አይደሉም?”

“እንግዲህ አባቴ የእንፍራንዝ መምህር ነበሩ ይል ነበር...”

“የሙሽራይቱም የእንፍራንዝ መምህር ነበሩ። አንድ ሰው ናቸው ማለት ነው?”

“እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ የዚያን ዘመን...”

“አዎ ወይስ አይደለም?”

ወይዘሮ ባንቺአየሁ የነጠላቸውን ጫፍ ጠመዘዙት። “አዎ” አሉ። እሱም “አዎ” ብሎ ጻፈና አስፈረማቸው።

ወረቀቱ መልአከ ሰላም ዘንድ በደረሰ ቀን ሠርጉ ቀረ። ልዕልት ቤት የተወቀጠው ጌሾ ተቋጥሮ ጓዳ ገባ። ጎረቤት እንደ ለቅሶ ቤት እየመጣ ተቀምጦ ይሄዳል። ዕንባቆምም አዝኗል፤ ነገር ግን ሥራውን አጥርቶ የሠራ ሰው ሐዘን ነው፣ ከእንቅልፍ የሚያግድ አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ዝማሬ ብቻዋን ጽሕፈት ቤት መጣች። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ደኅና ነበር።

“ባሻ፣ የመልካሙ አክስት ምን አሉ? እንዳሉት፣ ቃል በቃል ይንገሩኝ።”

መዝገቡን ገለጠላት። መዝገቡ ላይ ያለው “አዎ” ብቻ ነው። ሊያነብላት አፉን ሲከፍት ግን ጆሮው ላይ ሌላ ቃል መጣበት፤ “ይመስሉኛል” የሚለው የሴትዮዋ ድምፅ። ከዚያ ደግሞ “እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ።” ይህ ሁሉ የት ገባ? ዕንባቆም መዝገቡን ከደነ። ልጅቱን “ቅዳሜ ነይ” ብሎ ሸኛት።

ለማንም፣ ለሸዋአየሁም ጭምር፣ ያልነገረው አንድ ነገር ነበረው። ካምፕ ውስጥ የመጋዘን ቁልፍ ጠፍቶ ባምላክ የሚባል ምግብ አብሳይ ቀርቦለት ነበር። “ምናልባት እኔ ዘንድ ነበረ፣ አላስታውስም” አለ ሰውየው። “አዎ ወይስ አይደለም?” አለው ዕንባቆም፤ አሁንም አሁንም። በመጨረሻ “አዎ” አለ፤ ተቀጣ። ቁልፉ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከመጋዘኑ መደርደሪያ ጀርባ ወድቆ ተገኘ። ዕንባቆምን የወቀሰው የለም፤ ወረቀቱ ከነፊርማው ሙሉ ነበር። እሱ ግን ስንብት የጠየቀው በዚያው ዓመት ነው። አሁን ያው ጥያቄው ተከትሎት ጎንደር ድረስ መምጣቱን ሲያይ አፈረ፤ ክፉኛ አፈረ።

መልአከ ሰላም ዘንድ ገባ። “አባ፣ ያቀረብሁት ወረቀት ልክ አይደለም።”

“ምነው፣ ባንቺአየሁ ዋሸች?”

“እሳቸው አልዋሹም። እኔ ነኝ ያስዋሸኋቸው።”

መልአከ ሰላም መቋሚያቸውን ተደግፈው ብዙ አዩት። “እዚህ ቤት ተጠርጣሪ የለም፣ ባሻ” አሉት። “ያለው ሙሽራ ነው። ጥር ካለፈ ጾሙ ይገባል፤ እስከ ቅዳሜ እውነቱን አምጣልኝ።”

ልዕልትን ሄዶ ከወገኗ በዕድሜ ማን እንደሚበልጥ ጠየቃት። የእናቷ እህት እማሆይ እንኳየሁ እንፍራንዝ ይኖራሉ፤ “ግን ጃጅተዋል፣ አይሰሙም” አለችው። ለዚህ ነበር በዚህ ሁሉ ጣጣ መካከል እሳቸውን የጠየቀ ሰው ያልነበረው። ዕንባቆም ሚኒባስ ይዞ ወረደ።

እማሆይ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የበሰበሰውን ቀይ ሽንኩርት ከደኅናው ይለያሉ። ዕንባቆም ሰላምታ ሰጠና፣ ልማድ ክፉ ነው፣ መዝገቡን አወጣ።

“ሙሉ ስምዎ እስከ አያት?”

ቀና ብለው አዩት። “አንተስ የማን ልጅ ነህ?”

“ከጎንደር፣ ከደብሩ ጽሕፈት ቤት ነው የመጣሁ።”

“ከየት መጣህ መች አልሁህ? የማን ልጅ ነህ ነው ያልሁህ።” ጆሯቸው ከእሱ ይሻል ነበር።

“የኃይለ ጊዮርጊስ።”

“ኃይለ ጊዮርጊስ የማን?”

“የበሪሁን።”

“በሪሁን የማን?”

ዕንባቆም ተደናቀፈ። የስንቱን ሰው ሰባት ቤት የቆጠረ ሰው የራሱ ሦስት ላይ አለቀበት። “የጓንጉል... ይመስለኛል” አለ፤ ወዲያው አንገቱን ደፋ።

እማሆይ ግን አልተቆጡም። “ሸጋ። ማን ነገረህ?”

“አያቴ፣ የአባቴ እናት።”

“ምን ብላ?”

ይህ ጥያቄ አያቱን ከነድምፅዋ አመጣበት። ጓንጉል ወገራ ላይ በአንድ ክረምት ሁለት በሬ እንደሞተበት፣ ከወንድሙ ጋር ተጣምዶ ያረሰ ሰው ነው እያሉ ሰዎች ይስቁበት እንደነበር ስታወራ ሰምቷል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ረስቶት ነበር። ሲያወራ ራሱን ሰማው። መዝገቡን ወደ ቦርሳው መልሶ ተቀመጠና እሱም ሽንኩርት ይለይ ጀመር። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የባምላክንም ነገር፣ የዝማሬንም ነገር ዘርግፎላቸው ነበር። እማሆይ ስለ ባምላክ ሲሰሙ “እግዚኦ” አሉ።

“ስለ አለቃ ገብረ ኪዳንስ ማን ነገረዎት?” አላቸው በመጨረሻ።

“አባቴ ነዋ፣ ልጃቸው። የእኛው አለቃ ቀይ፣ አጭር፣ ቁጡ ነበሩ። እናታቸው ቢያድግልኝ ብላ ነበር ስም ያወጣችላቸው፤ በገብረ ኪዳን፣ በክርስትና ስማቸው፣ የተጠሩት ድቁና ሲቀበሉ ነው። እዚሁ ተወልደው እዚሁ ቅኔ አስተምረው ሞቱ።”

“ሌላ ገብረ ኪዳን ነበሩ?”

“እኔ አላየሁ። አባቴ ግን ከላስታ የመጡ አንድ የድጓ መምህር ነበሩ ይል ነበር። ስማቸውን ሲጠራ አልሰማሁ። የእኛው ሰውዬ የዚያ መምህር ነገር በተነሣ ቁጥር ያኮርፉ ነበር አሉ።”

ዕንባቆም ‘እንግዲያ ሁለት ሰዎች ናቸው’ ሊል ቃጣው። ያልተጠራ ስም ግን ስም አይደለም፤ አንድ ምስክርም ምስክር አይሆንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና እሱም አንዴ አፍሷል። አመስግኖ፣ ጉልበት ስሞ፣ ዓርብ ጠዋት ወይዘሮ ባንቺአየሁ ደጅ ቆመ። ሴትዮዋ ሲያዩት ደነገጡ።

“እትዬ፣ ባለፈው ክፉ ጠየቅሁዎት። ይቅር ይበሉኝ” አላቸው። ስለ እንፍራንዝ አንድም ነገር አልነገራቸውም። “ዛሬ አዎና አይደለም አልፈልግም። አባትዎ ስለ አለቃ ምን እያሉ ያጫውቱዎት ነበር?”

መጀመሪያ ተግደረደሩ። ከዚያ የልጅነት ጨዋታቸው መጣላቸውና ፊታቸው ፈታ አለ። “ረጅም ነበሩ አሉ፣ ድምፃቸው ግራ ቀኙን የሚያናውጥ። ከላስታ ድጓ ሊያስተምሩ መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። አባቴ ሁሌ የሚያስቀን ከሞክሼያቸው ጋር የተጣሉትን ነው። ማኅሌት ላይ ‘መምህር ገብረ ኪዳን’ ተብሎ ሲጠራ ሁለቱም እኩል ተነሥተው፣ እኔን ነው እኔን ነው ሲባባሉ...”

“ከማን ጋር አሉኝ?”

“ከሞክሼያቸው።” ወይዘሮ ባንቺአየሁ ንግግራቸውን አቋረጡ። እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። “ውይ! ሞክሼያቸው!”

ለራሱ ሞክሼ የሚሆን ሰው የለም። ሁለት ገብረ ኪዳን በአንድ ደብር ነበሩ ማለት ነው፤ አንዱ የእንፍራንዝ ተወላጅ፣ ሌላው የላስታ እንግዳ። ሴትዮዋ ይህንን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ አውጥተው እንዲናገሩት ዕድል የሰጣቸው አልነበረም እንጂ።

ቅዳሜ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ዝማሬ፣ ልዕልትና ወይዘሮ ባንቺአየሁ ተደርድረው ተቀመጡ፤ መልካሙ ከሳንጃ ሌሊት ተነሥቶ ደርሶ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ዕንባቆም ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ወታደር፣ ማንበብ ጀመረ። የእማሆይን ቃል አነበበ፤ የወይዘሮ ባንቺአየሁን አነበበ፤ “ይመስለኛል” ያሉበትን ቦታ ሁሉ ሳያስቀር። “በመሆኑም” አለ በመጨረሻ፣ “በሁለቱ ወገኖች መካከል እስከ ሰባት ቤት የሥጋ ዝምድና አልተገኘም።”

ቤቱ ጭጭ አለ። ይህን ጭጭታ ያውቀዋል። በጦሩ ቤትም ወረቀቱ ተነቦ ሲያልቅ እንዲህ ይሆናል፤ ከዚያ ሰውየውን ይዘውት ይወጣሉ።

ልዕልት ከአግዳሚው ተነሥታ እልልታውን አቀለጠችው። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ተቀበሏት። ዝማሬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስታለቅስ መልካሙ አጠገቧ ተንበረከከ። በግቢው ያሉ ሴቶችም ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ከውጭ እልል አሉ።

“ፈርምበት እንጂ” አሉት መልአከ ሰላም። ዕንባቆም ብዕሩን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። “ምነው ባሻ?”

“አባ” አለ፣ እንባው እየቀደመው፣ “ይህን ያህል ዓመት ወረቀት ሳነብ እልል ያለልኝ ሰው የለም።”