ቁርጡን ንገረን

ደብረ ብርሃን የምኖር ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ዘንድሮ በበጋው ደነባ አጠገብ ወዳለ አንድ ቀበሌ፣ የጉድጓድ ውኃ ጥልቀት የሚለካ ሴንሰር ልገጥም ሄድኩ። ፓምፑ አየር እየሳበ አስቸግሯቸው ስለነበር ሰዉ ጄሪካኑን ደርድሮ ዙሪያዬን ቆሟል።

ሴንሰሩን እስከ ታች ካወረድኩት በኋላ የኬብሉ መሰኪያ በጉድጓዱ ክዳን ቀዳዳ አላልፍ አለኝ። መቁረጥ አይመከርም፤ መጋጠሚያው እርጥበት ካገኘ ልኬቱ ይዛባል። ምን ላድርግ፣ ቆረጥኩት። ትርፉን አሳጥሬ፣ ሽቦዎቹን በየቀለማቸው ቀጥዬ፣ በቴፕ ጠቅልዬ ሳበቃ የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ ጠጋ አሉ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ቁርጡን ንገረን።»

ሐሳቤ ሁሉ ኬብሉ ላይ ስለነበር የቆረጥኩትን የጠየቁኝ መሰለኝ። ክንድ የማትሞላዋን ቁራጭ ከፍ አድርጌ፣ «ይችው ናት» አልኳቸው።

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ይችን ታህል ነው የቀረን?»

አንዲት እናት ጄሪካናቸው ላይ ቁጭ አሉ።

ነገሩ ሲገባኝ ደነገጥኩ። «ኧረ አይደለም! ይሄ እኮ ሽቦ ነው፤ ውኃውን ገና አልለካሁም!»

«አንተ ልጅ፣ ልባችንን ቀጥ አደረግከው እኮ!» አሉ ጋሽ ደምሴ። ሰዉ ሳቀ።

እኔም እየሳቅኩ መለኪያውን አበራሁት። ቁጥሩን ሳይ መጋጠሚያዬ ያበላሸው መስሎኝ ፈትቼ እንደገና ቀጠልኩት። ያው ነው። ቁራጯን አንስቼ ከቁጥሩ ጋር አስተያየሁት።

ውኃው ከእሷ ያንሳል።