ፕሮፌሰሩና የሁሩሙ ማር ሻጮች

ውሃ የገባበት ማር ኮምጠጥ ያለ ሽታ አለው። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ሻጭ ባልዲ ሲከፈት ያ ሽታ መጣብኝና ፕሮፌሰሩን አስታወሰኝ።

አብሮ አደጌ ነው። ልጆች ሳለን እንጨት ለቀማ ስንወጣ ሸክም ተሸክሞ አያውቅም፤ ከኋላ ከኋላችን እየመጣ አሸካከም ያስተምረን ነበር። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ቀረሁ፤ እሱ ገፋበትና ሩቅ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የንግድ መምህር ሆነ። አንዴ ጎሬ ላይ ሆቴል ከፍቶ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋበት። አላሳፈረውም። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ በክራቫት ሁሩሙ ይመጣና ሰርግም ላይ ለቅሶም ላይ ስለ ንግድ ያስተምረናል።

ያን ጊዜ ገበያው ውስጥ ለማር ሻጮች የነበረው ደረቅ ቦታ ከመጋዘኑ የቆርቆሮ ክፈፍ ሥር ያለው ብቻ ነው። ስድስት ሴት ይይዛል፤ እኛ ሃያ ነበርን። የኢሉባቦር ዝናብ ከያዘ አይለቅም፣ ማር ደግሞ ውሃ ከነካው አለቀለት። ስለዚህ እንፈራረቅ ነበር። ዛሬ ክፈፉ ሥር የተቀመጠች በሚቀጥለው ገበያ ሜዳው ላይ ትወጣለች። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልተጣላበትም።

ፕሮፌሰሩ አይቶን ሳቀ። «ኋላ ቀር አሠራር» አለ። ብዙ የምትሸጥ ሴት ክፈፉን በቋሚነት ትያዝ የሚል ጥናት ጽፎ የገበያውን ኮሚቴ አሳመነ። ሽያጫችን የታየው በአንድ ቅዳሜ ነው፤ ያን ቅዳሜ ደግሞ ዶፍ ሲወርድ ዋለ። ክፈፉ ሥር የነበሩት ስድስቱ ሸጡ፣ እኛ ባልዲ ስንሸፍን ዋልን። ከስድስቱ አንዷ የገዛ እህቱ ጫልቱ ነበረች። እንደየሽያጫችን መቀመጫ ድንጋዮቻችን ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጻፈ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ከማር ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው አዴ ሎሚ ሜዳው ላይ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ደረሳቸው። በሦስተኛው ገበያ ማራቸው ኮመጠጠ።

ያን ቀንም ይዘንባል፤ ፕሮፌሰሩ ክፈፉ ሥር ወንበር አስመጥቶ ተቀምጧል። የአዴ ሎሚን ባልዲ ይዤ ሄጄ ፊቱ አስቀመጥኩት።

«ቅመስ!» አልኩት።

«አንቺ ሴት፣ ገበያ ማለት ውድድር ነው።»

«እንግዲያው ወንበርህን ይዘህ ሜዳው ላይ ውጣና ተወዳደር። ዝናቡ ፕሮፌሰር ብሎ የሚያልፍህ ከሆነ እናያለን!»

አንተ ማለቴ ያስደነገጣቸው ሳይቀሩ ሳቁ። እሱ ክራቫቱን አስተካከለና፣ «ካልተማረ ሰው ጋር ምን አከራከረኝ» አለ።

ያኔ ጫልቱ ተነሣች። ባልዲዋን አንጠልጥላ ዝናቡ ውስጥ ወጣች፤ አዴ ሎሚን በክንዳቸው ይዛ አምጥታ እሷ ቦታ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ጫልቱ! ተመለሺ!» ብሎ ጮኸ።

«ተወኝ ወንድሜ፣ የእኔ ሳምንት አልፏል» አለችው።

የቀሩት አምስቱም አንድ በአንድ ባልዲያቸውን አንሥተው ቦታውን ለሜዳዎቹ ለቀቁ፤ ተራችን ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ እሱ ገበያችንን አልረገጠም። ስለ እኛ የሆነ ቦታ ጥናት አቅርቦ ይሆናል፤ ያጨብጭቡለት። ከእሱ የቀረልን የሚረባ ነገር ቢኖር ጫልቱ ናት፤ እሷንም ያሳደገቻት እናቷ እንጂ እሱ አይደለም። ባለፈው ቅዳሜ የሜዳው ተራ ደርሷት ነበር። ላስቲኳን ባልዲው ላይ ወጥራ፣ ራሷ እየበሰበሰች፣ ደንበኛ ትጣራ ነበር።